ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአገው ምድር

ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የንግሡ ዘመን፣ የጦርነቱ ዕለትና የውሉ አንቀጽ በየመጽሐፉ ተመዝግቦ ይገኛል። ባላገሩ ግብሩን ለመክፈል የተሰለፈበት ደጅ፣ ክርክሩን ያሰማበት ችሎት፣ ማመልከቻውን ያስገባበት መዝገብ ቤት ግን ለምን በዚያ ቦታ እንደ ተቋቋመና ማንን ለማገልገል እንደ ታሰበ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም አብዛኛው ሕዝባችን መንግሥትን ያወቀው በቤተ መንግሥቱ ሳይሆን በዚህ ደጅ ነው። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገራችንም ይህንኑ ይመሰክራል።

አገራችን ጥንታዊት ናት ስንል እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤቶቿ ግን ወጣቶች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በሥራ ክፍል የተከፈለው፣ በወረቀትና በማኅተም የሚሠራው የመንግሥት አስተዳደር ዕድሜው ገና ከአንድ መቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ወጣት አስተዳደር አካሄድ በአንድ አገር፣ ይኸውም በአገው ምድር፣ ልንከታተል እንሞክራለን። መነሻችን ዳንግላ፣ መድረሻችን እንጅባራ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ በታሪክ ግን ረጅም ነው።

ሀ፤ ከመሥሪያ ቤት በፊት

አገው ምድር በምዕራብ ጎጃም ከደጋው ጀምሮ ወደ መተከል ቆላ የሚወርድ ለምለም አገር ነው። ሕዝቡ ራሱን አዊ ብሎ ሲጠራ፣ ቋንቋው አውንጊ ይባላል፤ ይህም ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሆነው የአገው ቋንቋ የደቡቡ ክፍል ነው። አባቶች የትውልዱን ሐረግ ከሰባት ወንድማማቾች ይመዝዛሉ፤ «ሰባት ቤት አገው» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ከነዚህ ቤቶች መካከል አንከሻ፣ ባንጃና ዚገም ዛሬም የወረዳ መጠሪያ ሆነው ይገኛሉ።

ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632) በዚህ አገር ላይ ደጋግመው ዘምተዋል። ከዚያም በኋላ በጎንደር ዘመን አገው ምድር ለቤተ መንግሥቱ ከተማ ስንቅ አቅራቢ ከነበሩት አገሮች አንዱ ሆነ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ፣ ማሩ፣ ቅቤውና ከብቱ ከአገው አገር ወደ ጎንደር እንደሚወጣ ጽፏል።

በዚያ ዘመን መንግሥት የሚታወቀው በሚመጣው ሹምና በሚወጣው ግብር ነበር። መዝገብ አልነበረም፤ ጠረጴዛም አልነበረም። ሹሙ የሚኖረው ከአገሩ በሚያገኘው ሲሆን፣ ባላገሩም ሹሙን የሚያውቀው በመልኩና በስሙ ነበር። ይህ ሥርዐት ቀላል ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሹሙ ቢከፋ የሚከሰስበት የተለየ ስፍራ አልነበረምና። በአንጻሩ ግን የአገሩ ጠብና ክርክር የሚያልቀው በአመዛኙ በሽማግሌ ፊት፣ በአገሩ ቋንቋ ነበር።

ለ፤ የዳንግላው ቆንስላ

ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ቢሾሙም፣ የሚኒስትሮቹ ሥልጣን ወዲያውኑ ጎጃም አልደረሰም። ጎጃም እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ የራስ ኃይሉ ግዛት ነበር። ግብሩም፣ ቀረጡም፣ ሹመቱም በእርሳቸው እጅ ነበር። በዚህ ምክንያት በዳንግላ ስሙ እስከ ውጭ አገር የተሰማው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የእንግሊዝ ቆንስላ መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም።

እንግሊዝ ቆንስሏን ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ርቃ በዳንግላ ያስቀመጠችበትን ምክንያት ለመረዳት ካርታ ማየት ይበቃል። ዳንግላ በስተ ሰሜን ከጣና ባሕር፣ በስተ ምዕራብ ከሱዳን ጠረፍ ጋራ የሚያገናኝ ቦታ ላይ ትገኛለች። ሱዳን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ የሱዳንና የግብፅ ሕይወት ደግሞ የዓባይ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። እንግሊዝም ይህን ውሃ በቅርብ የሚመለከት ዐይን ፈለገች።

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሥራውን ብዙ ጊዜ ያዋለው የዓባይን ጉዞና የጣናን ዳርቻ በመመርመር ነው። በካርታ ያልተነሣውን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስታውቋል። መጽሐፉ ለጎጃም ታሪክ ዛሬም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይህን መካድ አይገባንም። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ፊቱን ያዞረው ወደ ወንዙና ወደ ጠረፉ እንጂ ወደ ባላገሩ አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐ፤ የጠላት ዘመን፤ ጦር ሰፈርና ማኅበር

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ጎጃምን ስትይዝ ዳንግላ የጦር ሰፈር ሆነች። የእንግሊዝን ዐይን ወደ ዳንግላ የሳበው የቦታ አቀማመጥ የኢጣልያንንም መድፍ ሳበ። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ተለወጠ፤ ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ግን አልተለወጠም።

አርበኞች ዳንግላን ዙሪያዋን ከበው ይዋጉ ነበር። ከነርሱም መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዚህ አገር ስማቸው የገነነ ነው። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ከገባ በኋላ መንገሻ ጀምበሬና የቡሬው ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተስማምተው በአንድነት ጠላትን ለመውጋት ቃል ተጋቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ሲጓዙ፣ የኢጣልያ ጦር ዳንግላን ለቆ ወጣ።

በዚህ በመከራ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ በአገው ምድር አንድ ሌላ ተቋም ተመሠረተ፤ ይኸውም የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ በበዓሉም የዐድዋ ዘማቾችና ፈረሶቻቸው፣ እንዲሁም አርበኞች ይታሰባሉ። ሥራው በዓል ማክበር ብቻ አይደለም፤ አባላቱ በኀዘን ይረዳዳሉ፣ የተጣላን ያስታርቃሉ። ይህን ማኅበር በመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ውስጥ ማስገባታችን ለአንዳንድ ጓደኞቻችን እንግዳ ሊመስላቸው ይችላል። እኛ ግን ሕዝብ ያቋቋመው፣ ሥርዐትና አባልነት ያለው፣ ከመሥራቾቹ ዕድሜ ያለፈ ማኅበር ተቋም ካልተባለ፣ ተቋም የሚባለው ምን እንደ ሆነ አይገባንም። ቆንስላውም የጦር ሰፈሩም ከዳንግላ ሄደዋል፤ ማኅበሩ ግን አለ።

መ፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት

ከነጻነት በኋላ የተደረገው ለውጥ ፈጣን ነበር። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ቀድሞ በነጋሪት ድምፅ ይታወጅ የነበረው ሕግ ከዚያ ወዲያ በወረቀት የሚታወጅ ሆነ። በነሐሴ ወር የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ። በዚህም ድንጋጌ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። ገዥዎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ፣ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር የሚታዘዙና ደመወዝ የሚቀበሉ ሆኑ። በጥር 1935 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስን ትእዛዝ ወጣ።

ይህ የደመወዝ ነገር ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የለውጡ ሥር ግን እርሱ ነው። ከአገሩ እየበላ የሚኖር ሹም መልካምም ሆነ ክፉ ከአገሩ ጋራ የተሳሰረ ነው። ደመወዙን ከግምጃ ቤት የሚቀበል ገዥ ግን ዐይኑ ወደ ላይ፣ ደመወዙ ወደሚመጣበት ነው። በዚህ አንዱ ጥቅም ባላገሩ ከድርጎና ከጉልበት ሥራ ቀንበር ቀስ በቀስ መላቀቁ ነው። ጉዳቱ ግን ገዥው ሪፖርቱን ለበላይ ካሳመረ፣ የበታቹ ቢያዝንበትም ወንበሩ የማይነቃነቅ መሆኑ ነው።

ጎጃም ጠቅላይ ግዛት በኋላ በሰባት አውራጃዎች ተከፍሎ ነበር፤ እነርሱም ደብረ ማርቆስ፣ ብቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ መተከልና አገው ምድር ናቸው። የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ዳንግላ፣ የመተከል ደግሞ ቻግኒ ነበሩ። በዳንግላ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና ግምጃ ቤት ተቋቋሙ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋልና መኪናው፣ ደብዳቤውና ሹሙ በዚሁ መንገድ ይመጡ ነበር።

እንግዲህ አንድ የባንጃ ወይም የአንከሻ ገበሬ በርስት ክርክር ወደ ዳንግላ ሄደ እንበል። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ራፖር ጻፊ አለ፤ ገበሬው ነገሩን በአፉ ይነግረዋል። አማርኛ አጥርቶ የማይናገር ከሆነ፣ አብሮት የመጣው ዘመድ ያስተረጕምለታል። ጻፊው የሰማውን በማመልከቻ ሥርዐት ያሰናዳዋል፤ ማመልከቻው ቴምብር ተለጥፎበት ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፤ ከዚያም ዳኛው ፊት ይቀርባል። የገበሬው ቃል ከአፉ ወጥቶ ዳኛው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ አንድ ጊዜ ከአውንጊ ወደ አማርኛ፣ ሌላ ጊዜ ከአነጋገር ወደ ጽሑፍ። ፍርዱን ይግባኝ ለማለት ቢፈልግ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ማርቆስ መድረስ ነበረበት።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ገበሬ በጽሑፍ የቀረለት የራሱ ቃል ሳይሆን የሌላ ሰው ቃል ነበር።

ሕጉ ይህን ችግር ፈጽሞ አላየውም ማለት አንችልም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ የሚመረመረው ሰው ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ አስተርጓሚ እንዲሰጠው አዘዘ። ይህ መልካም ትእዛዝ ነበር። ሆኖም ገበሬውን በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤት የሚያመላልሰው ወንጀል ሳይሆን መሬት፣ ግብርና ውርስ ነው።

ከዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት አንድ ነገር መጨመር አለብን። የጋራ ቋንቋ መኖሩ ለአገው ገበሬም ጠቅሞታል። በዳንግላ የተበደለ ሰው በዚሁ በአማርኛ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ አቤት ሊል ይችል ነበር። ከአዊ ልጆችም ብዙዎች ሁለቱን ቋንቋ አጣርተው ያውቃሉ። ስለዚህ ችግሩ አማርኛ በመሥሪያ ቤቱ መኖሩ አልነበረም፤ ችግሩ አውንጊ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ውጭ መቅረቱ ነበር።

ሠ፤ ግብርና ጥርጣሬ

በመሥሪያ ቤትና በባላገር መካከል ያለው ርቀት ዋጋ የሚያስከፍለው በግብር ጊዜ ነው። በ1934 ዓ.ም. አዲሱ የመሬት ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ጎጃም ተቃወመ፤ እስከ ማመፅም ደረሰ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ዐዋጅ ለም መሬት ከነዐሥራቱ በጋሻ 50፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 የኢትዮጵያ ብር እንዲከፍል ሲወሰን፣ ጎጃም፣ ትግሬና በጌምድር ከዚህ ስሌት ወጥተው በቀድሞው ልክ እንዲከፍሉ ተደረገ።

የጎጃም ገበሬ የፈራው የገንዘቡን ብዛት ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካ ርስቱ የመንግሥት ይሆናል፤ ርስቱ ከተመዘገበ ነገ ይወሰዳል ብሎ ፈራ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣም ያው ፍርሃት እንደ ገና ተነሣ። ዐዋጁ ግብሩን በገቢው ልክ የሚያደርግ በመሆኑ፣ በመርሕ ደረጃ ለድኻው ይሻላል ሊባል ይችል ነበር፤ ገበሬው ግን ገማቾቹን እንደ መሬት ለኪዎች አያቸው። በጎጃም የተነሣው ዐመፅ በጦር ኃይል ቢመታም፣ መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን እስከ ማንሣትና ውዝፉን ግብር እስከ መማር ደርሷል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ጋዜጣው ግን ከአውራጃው መዝገብ ቤት አልፎ ወደ ገበሬው ጎጆ አልዘለቀም። መሥሪያ ቤቱ መናገር ያውቅ ነበር፤ ማስረዳትና ማድመጥ ግን ገና አልተማረም ነበር። ያልተደመጠ ሰው ደግሞ ጥሩውንም ዐዋጅ ቢሆን ይጠረጥራል።

ረ፤ ወደ እንጅባራ

በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ወደቀ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ መሥሪያ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ቀበሌ ድረስ ወረደ። የፍርድ ሸንጎ በመንደሩ ተቋቋመ፤ ዳኞቹም ጎረቤቶች ነበሩ። ይህ በርቀት ረገድ ትልቅ ለውጥ ነው። በቋንቋ ረገድ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየቆየ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ አውንጊ ከነዚህ አንዱ አልነበረም። የአዊ ገበሬም ፊደል የቈጠረው በአማርኛ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱ በብሔረሰብና በቋንቋ መሠረት ስትከለል፣ አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ፤ መቀመጫውም ቀድሞ ኮሶ በር በመባልም በምትታወቀው በእንጅባራ ሆነ። ዳንግላም በዚሁ ዞን ውስጥ ናት፤ የቀድሞው የመተከል አውራጃ ከተማ ቻግኒም እንዲሁ። እንጅባራ የምትገኘው ወደ ቻግኒ የሚወርደው መንገድ ከዋናው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ላይ ነው። ዳንግላ ወደ ጣናና ወደ ጠረፍ የምትመለከት ከተማ ስትሆን፣ እንጅባራ የራሱን የአገሩን ደጋና ቆላ የምታገናኝ ናት። ቀደም ብለን አንባቢ እንዲያስታውስ የለመንነው ነጥብ ይህ ነው፤ የመሥሪያ ቤት መቀመጫ ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ የሚመለከተውም አቅጣጫ ሊለወጥ ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ5ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ ምክር ቤቶች ሥልጣን ሰጠ፤ የብሔረሰቡን የሥራ ቋንቋ መወሰንም ከዚሁ ሥልጣን አንዱ ነው። አውንጊ በግእዝ ፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ። በእንጅባራም የመምህራን ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው አልዘገየም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ 982,942 ነበር። ከመቶ 60 ያህሉ አዊ ነኝ ሲል፣ አውንጊን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ያለው ግን ከመቶ 45 ያህሉ ብቻ ነው። ቋንቋ የሚለወጥበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ገበያም አለ፣ ጋብቻም አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ። መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ይህን አደረገ አንልም። ነገር ግን አባት በማመልከቻም፣ በችሎትም፣ በግብር ደረሰኝም የማያገኘውን ቋንቋ ለልጁ ለማውረስ ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ ነጻነቷን ባገኘች በ9 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ክፍለ ግዛቶቿን በቋንቋ መሠረት እንደ ገና ያደራጀችው ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ስለ ተጠየቀ ነው። ድንበሩ ሲሠራ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ በአንዱ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውስ? በአዊም ይህ ጥያቄ አለ። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነው ከግማሽ በላይ የሆነ ሕዝብ በዚያው ይኖራልና፣ አንዱን ደጅ ለመክፈት ሌላውን መዝጋት ፍርድ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው በአገው ምድር መንግሥት በየዘመኑ ሌላ ሌላ ቤት ሠርቷል። ቆንስላው ወንዙን ተመለከተ፤ የጦር ሰፈሩ ጠረፉን ተመለከተ፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደብረ ማርቆስንና አዲስ አበባን ተመለከተ። ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው ባላገሩን መመልከት ነው። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብንለካው መንገዱ፣ ቀበሌውና አዲሱ ከተማ ብዙውን አሳጥረውታል። በገበሬው አፍና በጸሐፊው ብዕር መካከል ያለው ርቀት ግን በኪሎ ሜትር አይለካም፤ እርሱን የሚያሳጥረው ሕግ ተጽፏል፤ የሚፈጸመው በየመስኮቱ በተቀመጠው ሠራተኛ ነው።

ለጓደኞቻችን አንድ ማሳሰቢያ እናቅርብና እንፈጽም። በየወረዳው መዝገብ ቤት ያሉ የቆዩ መዛግብት ብልና እርጥበት ሳይጨርሳቸው ሊመረመሩ ይገባል። ከመዛግብቱም ይልቅ የሚያስቸኩለው በዳንግላ ደጅ የጠኑት ሽማግሌዎች ቃል ነው፤ መዝገብ ጥቂት ይታገሣል፣ ሽማግሌ ግን አይታገሥም። ቃላቸውን የሚጽፍ ጓደኛ ከተገኘ ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ በአውንጊ የተናገሩትን በመጀመሪያ በአውንጊ ይጻፍላቸው።